የማኅበራችን ቮልስዋገን ወንበሮች እድሳት፦ በብር ኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር





ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ ልጆች የአማርኛ ትምህርት በሰፊው ገልጸዋል። እኛ የእድሳት ኮሚቴ አባላት የምንናገረው ስለ ወንበር ነው። በር ላይ ስትገቡ ያያችኋት፣ ልጆቹ ከበው ፎቶ የሚነሱባት ቮልስ ሁለት የፊት ወንበሮችና አንድ የኋላ ወንበር አሏት። እነዚህን ወንበሮች ለማደስ 11 ቅዳሜዎች ፈጅቶብናል። «ለወንበር ልብስ ይህን ያህል ጊዜ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙዎች ናችሁ። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

መኪናዋ እንዴት ወደ እኛ መጣች?

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች ስትሆን ንብረትነቷ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው መሥራች አባላችን ነበር። ጋሼ የገዟት እ.ኤ.አ. በ1983 ከአንድ ኬንያዊ መምህር ነው። ከዚያ በኋላ ግን የጋሼ ብቻ ሆና አታውቅም። አዲስ ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ የምትቀበለው እሷ ነበረች። ሌሊት ምጥ የያዛት እህት በእሷ ሆስፒታል ደርሳለች። ለቅሶ ቤት ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ተሸክማለች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል በናይሮቢ የመጀመሪያ ቀናቸውን የጀመሩት በእሷ የኋላ ወንበር ላይ የሆኑ ጥቂት አይደሉም።

ጋሼ እ.ኤ.አ. በ2022 ካረፉ በኋላ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ተመካክረው መኪናዋን ለማኅበሩ ሰጡ። በዚያን ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የነበረውን ክርክር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንዳንዶቻችን «ትሸጥና ገንዘቡ ለተማሪዎች የትምህርት ቤት ክፍያ ይዋል» አልን። አንዳንዶቻችን «ውስጧ በቆዳ ይልበስና አዲስ ትምሰል» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ምንም ሳትነካ እንዳለች ትቀመጥ» አልን። በመጨረሻ ጉባኤው የወሰነው፣ መኪናዋ እንድትቆይ፣ ሰው የምትጭን መኪና እንድትሆንና ከወንበሮቿ ሥራው እንዲጀመር ነው። ከወንበሮቹ የተጀመረበትም ምክንያት ግልጽ ነበር። ሞተሯ ይሠራል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ግን የተቀመጠ ሰው ወገቡን ይዞ ነበር የሚወርደው።

እትዬን፣ ማለትም የጋሼን ባለቤት፣ እንዴት ይሠራ ብለን ጠየቅናቸው። የመለሱልን አጭር ነበር። «ሰው እንደሚቀመጥበት አድርጋችሁ ሥሩት፤ ሙዚየም አታድርጉት። ግን ጋሼ የተቀመጠበትን ሳላየው አትጣሉብኝ።» ኮሚቴው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራው በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማክበር ቀላል እንዳልሆነ ያወቅነው ግን ወንበሮቹን ከፈታን በኋላ ነው።

ስለ ቮልስ ጥቂት

ለልጆቻችን ስንል ስለ መኪናዋ ጥቂት እንበል። ቮልስዋገን «ቢትል» በጀርመን አገር በብዛት መመረት የጀመረችው በ1945 መጨረሻ ነው። የመጨረሻዋ የወጣችው በሜክሲኮ ፑብላ ከተማ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በዓለም ዙሪያ 21,529,464 ተሠርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ስለዚህ የሚፈላ ራዲያተር የላትም። ይህ በአዲስ አበባ ዳገቶችም ሆነ በዚህ በስምጥ ሸለቆ አቀበት ትልቅ ጥቅም ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርም በ1957 እና በ1962 እ.ኤ.አ. ያሸነፉት ቮልሶች ነበሩ። በአገራችን «ቮልስ» ተብላ ስሟ እንኳ እንደ ቤት ልጅ ስም ያጠረው በከንቱ አይደለም።

ወንበሮቿ የተሠሩት ደግሞ ዛሬ በማናያቸው ነገሮች ነው። ከታች የብረት ፍሬም አለ። በፍሬሙ ላይ ሞላዎች ተያይዘዋል። ከሞላዎቹ በላይ ጆንያ ይነጠፋል። ከጆንያው በላይ በላስቲክ ተጣብቆ የተጋገረ የኮኮናት ቃጫ ይቀመጣል። ከቃጫው በላይ ለስለስ ያለ የጥጥ ንጣፍ ይደረጋል። በመጨረሻ ቪኒል የሚባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ይለብሳል። ሰው የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። የሚሸከመው ግን ከሱ በታች ያለው ሁሉ ነው።

ሲፈታ ምን ተገኘ?

ሥራውን የመራልን በጁዋ ካሊ ሠፈር ከ30 ዓመት በላይ የመኪና ወንበር ሲያለብሱ የኖሩ ኬንያዊ ባለሙያ ናቸው። ልጆቻችን «ምዜ» ይሏቸዋል፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ማለት ነው። «ጁዋ ካሊ» በስዋሂሊ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ሲሆን፣ ያለ ጣሪያ በፀሐይ ሥር የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ሁሉ የሚጠሩበት ስም ነው። ምዜ ገና መጀመሪያ ላይ አንድ ደንብ አወጡልን። «ሁለቱን የፊት ወንበሮች በአንድ ጊዜ አትፍቱ። አንዱን ፍቱ፤ ሁለተኛው ደብተራችሁ ነው» አሉን። እውነትም ስፌቱ በየት በኩል እንደታጠፈ፣ የሽቦ ቀለበቶቹ ስንት እንደነበሩና የት እንደተያያዙ የጠፋን ጊዜ ሁሉ ሄደን የምናየው ያልተፈታውን ወንበር ነበር። ወጣቶቹ ደግሞ እያንዳንዱን ደረጃ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ቁጥር ሰጡት።

የሾፌሩን ወንበር ማቆሚያውን ተጭነን ከሐዲዱ ላይ አንሸራተን አወጣነው። ከላይ የነበረው አበባ ያለበት የከፈይ ልብስ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱ ሲነሳ ጥቁር ቪኒል ወጣ። ከቪኒሉ በታች ስስ ስፖንጅ አለ። ከስፖንጁ በታች ደግሞ፣ ማንም ያልጠበቀው፣ ከፋብሪካ የወጣው የመጀመሪያው ልብስ ነበር። እንደ ስፌድ የተጎነጎነ የሚመስል ንድፍ ያለው፣ ጠርዙ ላይ ስፌቱ ሳይዛነፍ የቆየ ቪኒል ነው።

አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ አንድ የወንበር ማልበሻ ቤት ወንበሮቹን «አድሷቸው» ነበር። እንደምናየው እድሳቱ በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ብቻ ነበር። ቶሎ ያልቃል፣ ርካሽ ነው፣ ለዓይንም ያምራል። አበው እንዲህ ያለውን ነገር «ውስጡን ለቄስ» ይሉታል።

ውስጡ ምን እንደሚመስል ቀጥሎ አየን። የኮኮናት ቃጫው ላስቲክ በዕድሜ ደርቆ ዱቄት ሆኗል። መቀመጫውን መታ ስናደርገው ቡናማ አቧራ ይበናል። ጆንያው በሞላዎቹ ጫፍ ተቦጭቋል። የፍሬሙ የታችኛው ክፍል ዝገት በልቶታል። የሾፌሩ መቀመጫ በስተቀኝ ያሉት ሁለት ሞላዎች ተሰብረዋል። በኬንያ መሪው በቀኝ ስለሆነ ሾፌር ሲገባና ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። በአገር ቤት፣ መሪው በግራ በሆነበት፣ ቀድሞ የሚያልቀው የግራው ጠርዝ ነው። አሮጌ መኪና የምትገዙ ሁሉ ይህን ጠርዝ ተመልከቱ፤ መኪናዋ ስንት እንደሠራች ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ እሱ ይናገራል።

ከወንበሩ እጥፋት ውስጥ የወጡትን ነገሮች ልጆቹ በአንድ ሳጥን አስቀምጠዋቸዋል። የኬንያ ሳንቲሞች፣ አንድ የእርሳስ መቅረጫ፣ የነጠላ መርፌ ቁልፍ፣ የፀጉር ማስያዣና ሦስት አዝራሮች ናቸው። ከወንበሮቹ ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። የእርስዎ የሆነ ነገር ካለ ይውሰዱት!

የኋላው ወንበር

አሁን የምንናገረውን፣ አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ወይም በአሮጌ ቮልስ የምትሳፈሩ ሁሉ አጥብቃችሁ እንድትሰሙን እንለምናለን።

የቮልስ የኋላ መቀመጫ በብሎን አይታሰርም። የፊቱን ጠርዝ ከፍ አድርጎ መሳብ ብቻ በቂ ነው። ስናነሳው ከሥሩ በቀኝ በኩል ባትሪው አለ። አዎን፣ የቮልስ ባትሪ ያለው በሞተሩ በኩል አይደለም፤ በኋላ ወንበር ሥር ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ በባትሪው ላይ መክደኛ ነበረው። በእኛ መኪና ላይ ግን መክደኛው የለም። መቀመጫውን ገልብጠን ስናየው፣ ከባትሪው ትይዩ ያለው ሞላ ጫፉ ጠቁሯል። ከእሱ በላይ ያለው የኮኮናት ቃጫም የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ተቃጥሎ ከሰል መስሏል።

ያን ቀን በግቢው ውስጥ ከአሥር በላይ ሰዎች ነበርን። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ምዜ ብቻ በጣታቸው ከሰሉን ነካ አድርገው «ይህ ወንበር አንድ ጊዜ ሊነድ ጀምሮ ትቶታል» አሉ።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ሞላዎቹ ብረት ናቸው። ሞላ ሲደክም ወደ ታች ይለጠጣል። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወይም መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ሞላው ወርዶ የባትሪውን የፖዘቲቭ ጫፍ ይነካል። የመኪናው አካል በሙሉ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ወንበሩም ከአካሉ ጋር ሲነካካ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በቀጭኑ ሞላ ውስጥ ያልፋል። ሞላው እንደ ምጣድ ሽቦ ይግላል። ከላዩ ያለው ደግሞ ደረቅ የኮኮናት ቃጫ ነው፤ ለእሳት ማቀጣጠያ ከእሱ የተሻለ ነገር አይገኝም። በዚያ ላይ ዛሬ ከገበያ የምንገዛው ባትሪ ቁመቱ ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል።

በዚያ ወንበር ላይ ስንት እናቶች፣ ስንት ሕፃናት ሲመላለሱበት እንደኖሩ አሰብን። ከላይ የተደረበው አዲስ ልብስ ምንም አላሳየም። እንዲያውም መቀመጫው የደከመ መሆኑን የሸፈነው እሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በኮሚቴያችን ውስጥ «ከላይ አልብሰን እንጨርሰው» የሚል ሐሳብ አልተነሳም። ሥራውን 11 ቅዳሜ ያደረገውም ይህ ነው።

አሁን ያደረግነው የሚከተለው ነው። ሥራ ከመጀመራችን በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታን። ቁመቱ ለቦታው የሚስማማ ባትሪ ገዛን፤ በማሰሪያው አጥብቀን አሰርነው። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መክደኛ አደረግንበት። ከመቀመጫው ሥር በባትሪው ትይዩ ደግሞ ወፍራም ጎማ ሰፋንበት። የደከሙትን ሞላዎች በኪሪኛጋ ጎዳና ካሉ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች በተገዛ ሌላ ወንበር ሞላዎች ተካን። ከዚያ ሦስት ከበድ ከበድ ያሉ የኮሚቴ አባላት በአንድ ላይ ተቀምጠውበት፣ በሞላውና በመክደኛው መካከል ያለውን ክፍተት ለካን። ስማቸውን አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ከሥር ወደ ላይ

ፍሬሞቹን በብረት ብሩሽ ፈግፍገን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባናቸው። የተሰነጠቀው ተበየደ። በሞላዎቹ ላይ አዲስ ጆንያ ዘርግተን በወፍራም ክር አሰርነው። ሞላ ከጆንያው ጋር ካልታሰረ እየተንሸራተተ በሁለት ዓመት ውስጥ ይበሳዋል።

ቃጫውን በስፖንጅ እንተካው ወይስ በቃጫ የሚለው አንድ ሙሉ ቅዳሜ አከራክሮናል። ስፖንጅ በቀላሉ ይገኛል፣ ይቆረጣል፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን ሞላ ያለው ወንበር ሁለቱን በአንድ ላይ አስቦ የተሠራ ነው። ቃጫው ጠንከር ብሎ ክብደቱን ለሞላዎቹ እኩል ያከፋፍላል፤ አየርም ያሳልፋል። ለስላሳ ስፖንጅ በቀጥታ በሞላ ላይ ሲደረግ ሞላው ይበላዋል። የኮኮናት ቃጫ ከዚሁ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ ስለሚገኝ ለመቀመጫዎቹ እሱን መረጥን፤ በጠርዞቹ ላይ ብቻ ጠንካራ ስፖንጅ ጨመርን።

ከቃጫው በላይ የጥጥ ንጣፍ ሲያስፈልግ ምዜ ጥቅል ጥጥ ከገበያ ሊያመጡ ነበር። በዚህ ጊዜ እናቶቻችን ጣልቃ ገቡ። «ይሄማ ባዘቶ ነው!» አሉ። ጥጡን በእጃቸው አባዘቱት፤ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንዲሆን ደራርበው ዘረጉት። ምዜ መዳፋቸውን እያሳለፉበት ፈተሹትና እጥፋት አጥተው ሳቁ። ከእኛ ሴቶች ልጆች መካከል ባዘቶ ምን እንደሆነ በዚያ ቀን ያወቁ አሉ። እንዴት እንደሚሠራም በዚያው ቀን ተማሩ።

የቋንቋውን ነገር ሳንናገር አናልፍም። አባቶቻችን «ፒንሳ አምጣ»፣ «ካቻቢቴ አቀብለኝ»፣ «ሞላውን ያዝ» ይላሉ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን ገብተው አማርኛ ሆነው የቀሩ ናቸው። ምዜ ደግሞ ካቻቢቴን «ቢሲቢሲ»፣ መርፌን «ሲንዳኖ»፣ ክርን «ኡዚ» ይላሉ። ልጆቻችን ስዋሂሊውን ያውቃሉ፤ የጋራዡን አማርኛ ግን ከቤት አልሰሙትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ለአባቶቻቸው አስተርጓሚ ነበሩ። በአምስተኛው ቅዳሜ ግን አንድ የ14 ዓመት ልጅ ራሱ «ካቻቢቴ» ብሎ ሲጠራ ሰማነው። ለአማርኛ ትምህርት ኮሚቴ ይህን በነጻ አበርክተናል!

የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛው ይለወጥ?

አሁን ወደ ልብሱ ደረስን። የእትዬ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እዚህ ላይ ተገናኙ።

የመጀመሪያው የፋብሪካ ልብስ መደገፊያዎቹ ላይ ደህና ነበር፤ የተደረበበት ልብስ ከፀሐይ ጠብቆታል። መቀመጫዎቹ ላይ ግን ተሰነጣጥቆ ክሩ በስብሶ መርፌ የሚይዝ አልሆነም። ወጣቶቹ ሁሉም ቢለወጥና አንድ ዓይነት ቢሆን ይመርጡ ነበር። የጋሼ ልጆችም ከውጭ አገር ደውለው ለእውነተኛ ቆዳ የሚሆን ገንዘብ እንላክ ብለውን ነበር፤ እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የለበሰችው ቪኒል ነው፤ ጋሼም በሕይወታቸው የተደገፉት ቪኒል ነው። የወሰንነውም እንዲህ ነው። ሰው የሚሸከመውና ለደኅንነት የሚያስፈልገው ሁሉ አዲስ ይሁን፤ ደህና የሆነው አሮጌ ልብስ ግን ይቀመጥ። ስለዚህ የሦስቱም መደገፊያዎች ልብስ የመጀመሪያው ነው፤ ታጥቦ፣ የተፈታው ስፌት ብቻ በእጅ ተሰፍቶ ተመልሷል። መቀመጫዎቹ አዲስ ናቸው።

ለመቀመጫዎቹ 8 ሜትር ቪኒል አልቋል። አሮጌውን ልብስ በስፌቱ ፈትተን በካርቶን ላይ አስቀምጠን ቅዱን አወጣን። የተሰፋበት ክር ናይለን ነው፤ የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል። የስፌቱ ርቀትም አንሶ እንዳይጠጋጋ ተጠንቅቀናል። በቪኒል ላይ መርፌ የወጋው ቀዳዳ ተመልሶ አይዘጋም፤ ቀዳዳዎቹ ከተቀራረቡ ልብሱ እንደ ፖስታ ቴምብር ጠርዝ በቀዳዳዎቹ መስመር ይቀደዳል። ቤታችሁ ሶፋ የምታለብሱ እህቶች ይህን ልብ በሉ።

ልብሱን ለመወጠር ሐምሌን አስበን ነበር። ናይሮቢ በሐምሌ እንዴት እንደምትበርድ ታውቃላችሁ። ቪኒል ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ በግድ ሲወጠር ስፌቱን ይበጥሳል ወይም ተሸብሽቦ ይቀራል። ምዜ «ፀሐይ እስክትመጣ አርፋችሁ ተቀመጡ» አሉን። የበዓሉ አዘጋጆች ቢጨነቁም እስከ መስከረም ጠበቅን። ከዚያም ልብሶቹን በረንዳ ላይ ለፀሐይ አስጥተን፣ ሲለሰልሱ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየወጠርን በፍሬሙ ጥርሶች ላይ አያያዝናቸው። የቀሩትን ጥቃቅን እጥፋቶች በጀበና እንፋሎት... ይቅርታ፣ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አስተካከልናቸው። ጀበናውን እትዬ አልሰጡንም።

የአዲሱ ቪኒል ቀለም ከአሮጌው ጋር ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም። በከተማው ያገኘነው የሚቀርበውን ነው። አሮጌውን ቀለም በመቀባት ማመሳሰል ይቻል ነበር፤ አላደረግነውም። ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው የትኛው የጋሼ ዘመን፣ የትኛው የእኛ ሥራ እንደሆነ ይለያል።

የሾፌሩን አሮጌ መቀመጫ ልብስ፣ ቃጫውንና ጆንያውን አልጣልነውም። እትዬ ግቢው ድረስ መጥተው አይተውታል። በቀኝ በኩል የጎደጎደውን በእጃቸው ዳሰሱት። «እዚህ ጋ ተደግፎ ነበር መስኮቱን የሚከፍተው» አሉ። ከልብሱ አንድ ቁራጭ ወሰዱ፤ ሌላው እንዲጣል ራሳቸው ፈቀዱ። ከመጣሉ በፊት ግን ግማሹን ለዛሬ እንዲያቆዩልን ለምነናቸው ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። በመሐሉ ስለቆረጥነው፣ ከፍሬሙ እስከ አበባው ከፈይ ድረስ ያሉት ንጣፎች ሁሉ ይታያሉ። የተቃጠለውም የኋላ ወንበር ቃጫ ከጎኑ አለ።

ስለ ገንዘቡ

ለጠቅላላ ጉባኤው ዝርዝር ሒሳቡን አቅርበናል። እዚህ ላይ የምንጨምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለምዜ የጠየቁትን ዋጋ ሳንከራከር ከፍለናል። ለእጅ ሙያ የሚገባውን ዋጋ መክፈልን ልጆቻችን ከእኛ ካልተማሩ ከማንም አይማሩትም። ሁለተኛ፣ መኪናዋ መሸጥ ነበረባት የሚሉ አባላት ዛሬም አሉ፤ አብረውን ይሠሩ ከነበሩት ውስጥም አሉ። ሐሳባቸው ትክክለኛ ችግር ላይ የተመሠረተ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ያቃታቸው ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ቮልሷ ለሠርግ ስትከራይ የሚገኘው ገቢ በሙሉ ለተማሪዎች ክፍያ እንዲውል ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። እስካሁን ሦስት ሙሽሮችን አጅባለች። የሦስቱም ሙሽሮች ነጭ ልብስ ሳይቆሽሽ ወርደዋል።

በመጨረሻ

ውድ ወገኖቻችን፣ ከዚህ ሥራ ለቤታችሁ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ነገር ስታድሱ፣ መኪናም ይሁን ሶፋ፣ ገንዘባችሁን ከልብሱ አትጀምሩ። ልብሱን አውልቁ፣ ውስጡን እዩ፣ የሚሸከመውን አጠንክሩ። ገንዘቡ ካለቀባችሁ በደህና ሞላ ላይ አሮጌ ልብስ ይሁን እንጂ፣ በተሰበረ ሞላ ላይ አዲስ ልብስ አይሁን። የቮልስ ባለቤቶች ደግሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትደርሱ የኋላውን ወንበር አንሡና የባትሪው መክደኛ መኖሩን ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለምዜና ለረዳቶቻቸው፣ ጥጡን ላባዘቱልን እናቶች፣ ቅዳሜያቸውን ለሰጡን ወጣቶች፣ ግቢያቸውን ለ11 ቅዳሜ ከፍተው ቡና ሲያፈሉልን ለከረሙት እትዬ ከልብ እናመሰግናለን። ከምሳ በኋላ መኪናዋ ለሁሉም ክፍት ናት። ሕፃናት ጫማቸውን አውልቀው ይግቡ። ጋቢና የሚቀመጡትን የመጀመሪያ እንግዳ ግን አስቀድመን ይዘናል፤ እትዬ ናቸው።